ለብስክሌት ሞተር ማስገጠም ይሻላል ወይስ ባለሞተሩን መግዛት?

ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ብስክሌቷንም ያውቃል። ከተማዪቱ በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ፣ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሐይቁ ዳር የተዘረጋች ስለ ሆነች፣ የታቦርንና የአላሙራን ተራሮች ካላነሣን በስተቀር መንገዷ እንደ ገበታ የተስተካከለ ነው። ስለዚህም ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ዓሣ ነጋዴውና የመንግሥት ሠራተኛው ፔዳል እየረገጠ ወደ ጉዳዩ ሲሄድ ማየት እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም። በሌላ ስፍራ የልጆች መጫወቻ ተብሎ የሚናቀው ብስክሌት በሐዋሳ የቤት ንብረት ነው፤ ታላቅ ለታናሹ ያስረክበዋል፤ ገንዘብ ሲቸግርም እንደ ጥጃ ተሽጦ ክፉ ቀን ያሳልፋል።

በዚህ ነባር ንብረት ላይ አሁን አንድ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ በየሻይ ቤቱ የሚወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት የሚችለው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ፣ «የራሳችን መብራት እያለ የሰው ነዳጅ ለምን እንገዛለን?» የሚለው ንግግር እየበረታ ሄደ። ንግግሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን መኪና መግዛት ለጥቂቶች ብቻ የሚቻል ነው። እንደ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ገና በቅርቡ የወጣ፣ ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ የሚያልቅበት ሰው ዐይኑን የሚጥለው በግቢው ጥግ ወደ ቆመው ብስክሌት ነው። ታዲያ ይህን ብስክሌት ሞተርና ባትሪ አስገጥሞ ኤሌክትሪክ ማድረግ ይሻላል? ወይስ ገንዘብ አጠራቅሞ ፋብሪካ አሟልቶ የሠራውን መግዛት?

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም የብዙ ሰው የወራት ቁጠባ በአንድ ቀን ውሳኔ የሚወጣበት ጉዳይ ስለ ሆነ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። እኔ በበኩሌ የደረስሁበትን አስተያየት አስቀድሜ ልናገር። ጠንካራ የብረት ብስክሌትና የታመነ ጠጋኝ ያለው የሐዋሳ ሰው ያለውን ቢያስለውጥ ይሻለዋል፤ ብስክሌት የሌለው ወይም የላሸቀ ብስክሌት የያዘ ሰው ግን በአሮጌ ላይ ሞተር ከመስቀል ይልቅ የተሟላውን ቢገዛ ይበጀዋል። ምክንያቴን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በመጀመሪያ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ብስክሌት ትናንት የተፈጠረ ተአምር አይደለም። አግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ ሞተሩ በኋላ ጎማው እምብርት ላይ ለተቀመጠ ብስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ነው። ዛሬ ከቻይና በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው ሞተር ከዚያው ሐሳብ የወጣ ነው። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያም የነጂውን እግር ግፊት እየለካ የሚያግዝ ብስክሌት በ1993 ለገበያ አቅርቧል። ከዚያ ወዲህ እጅግ የተሻሻለው ባትሪው ነው።

ጉልበቱንም እንመልከት። አውሮፓውያን በሕጋቸው ለተራው ኤሌክትሪክ ብስክሌት የፈቀዱት ሞተር 250 ዋት ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ማገዙን ያቆማል። 250 ዋት ማለት የአንድ ፈረስ ጉልበት ሲሦ ነው። ይህ ያነሰ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 100 ዋት ያህል እንደሚበቃ ይወቅ። እንግዲህ እንደ ሐዋሳ ባለ ሜዳ ከተማ የ1,000 ዋት ሞተር እንዲገዛ የሚገፋፋ ነጋዴ ያለ ጥቅም ያስከፍለዋል፤ ከዚህም በላይ ፍሬኑ የማይችለውን ፍጥነት ይሸጥለታል።

ባትሪውንም በአኀዝ እንየው። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። ነጂው በእግሩ እያገዘ በሜዳ ሲሄድ ለ1 ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 12 ዋት ሰዓት ስለሚበቃው፣ አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬደዋል ማለት ነው። ቤቱ ከሥራው 6 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሰው ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር ነውና፣ አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋበት እንኳ በማግሥቱ አይጨነቅም። የመብራቱም ወጪ የሚያስፈራ አይደለም። ባትሪውን ለመሙላት፣ በመንገድ የሚባክነው ጭምር፣ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ሲግል የሚበላው መብራት ይህን ባትሪ ሰባት ጊዜ ያህል ይሞላዋል። ስለዚህ በዕለት ወጪ በኩል የተለወጠውም የተገዛውም እኩል ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታየው በመግዣውና በመጠገኛው ላይ ነው።

አሁን ወደ ማስለወጡ እንምጣ። ማስለወጥ ማለት የፊቱን ወይም የኋላውን ጎማ ከነቸርኬው አውልቆ ሞተር በተገጠመበት መተካት፣ ባትሪውን ከብስክሌቱ አካል ጋር አጥብቆ ማሰር፣ ኃይሉን የሚመጥነውን መቆጣጠሪያ ሳጥን ማስቀመጥ፣ ከመሪውም ላይ ኃይል መስጫውን መግጠም ነው። የለመደ እጅ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

የዚህ መንገድ የመጀመሪያ ጥቅሙ ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይህን ሸክም ይሸከማል። ተሟልቶ የሚመጣው ብስክሌት ከነኮርቻው፣ ከነሰንሰለቱ፣ ከነጭቃ መከላከያው በዶላር የተገዛ ነው። የሚያስለውጥ ሰው ግን በዶላር ዋጋ የሚገዛው ሞተሩን፣ መቆጣጠሪያውንና ባትሪውን ብቻ ነው፤ የቀረውን አስቀድሞ በግቢው አቁሞታል።

ሁለተኛው ጥቅሙ፣ እኔ ከገንዘቡ አብልጬ የማየው፣ ዕቃው ለየብቻው የሚፈታ መሆኑ ነው። መቆጣጠሪያው ቢቃጠል መቆጣጠሪያው ብቻ ይለወጣል። ባትሪው ቢደክም ቮልቱና ልኩ የተስማማ ሌላ ባትሪ ከየትም መጥቶ ይገባለታል። ሁሉም ጠፍቶ መብራትም ገንዘብም ባይኖር፣ በጥቂት ኪሎ ብቻ የከበደው ያው የቀድሞው ብስክሌት ነውና በእግር እየተነዳ ቤት ይገባል። ፔዳል ያላቸው የቻይና ባለሞተሮች ግን ብዙዎቹ እጅግ ከባድ ናቸው። በዚያው አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ክብደታቸው እስከ 55 ኪሎ እንዲደርስ ይፈቅድ ነበር። ባትሪው ያለቀበትን 55 ኪሎ ብረት ከጥቁር ውሃ እስከ ፒያሳ በፔዳል መግፋት ምን እንደሚመስል የሐዋሳ ሰው በሐሳቡ ሊስለው ይችላል።

ይህን ብዬ ግን ማንም ሰው ያገኘውን ብስክሌት ይዞ ወደ ገጣሚ ይሩጥ ማለቴ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ከማስለወጥ በፊት አራት ነገሮች ሊመረመሩ ይገባል።

አንደኛው የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ነው። የፊት ጎማ ሞተር ሲነሣ ዘንጉ ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላል። ብረት የሆነ ሹካ ቢደክም ቀስ በቀስ እየጎበጠ ያስጠነቅቃል፤ አሉሚንየም የሆነ ግን ሳይታሰብ ይሰበራል፤ ጎማው ሲወጣም ነጂው በአፍጢሙ ይደፋል። መድኃኒቱ ዘንጉን ከሹካው ጋር አጥብቆ የሚይዝ የብረት ክንድ መግጠም ነው። ይህን ማንኛውም ጎበዝ በያጅ ቆርጦና በስቶ ያዘጋጀዋል። ሹካው አሉሚንየም ከሆነ ሞተሩ ወደ ኋላ ይሂድ።

ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። በብረት ዘንግ እየተሳበ ላስቲክ በቸርኬው ላይ የሚጫነው የጥንቱ ፍሬን ለእግር ጉልበት ተብሎ የተሠራ ነው። ፍጥነት በሰዓት ከ15 ወደ 25 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል፣ ለማቆም መጥፋት ያለበት ጉልበት በእጥፍ ብቻ አይወሰንም፤ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በክረምት ደግሞ የብረት ቸርኬ ሲርስ ላስቲኩ ያዳልጠዋል። ስለዚህ አዲስ ፍሬን ያላስገባ ሰው ሞተር አያስገባ። ኤሌክትሪክ ብስክሌት ድምፅ የለውምና ከባጃጁ ግርግር መካከል ለሚሻገር እግረኛ ደወልም መብራትም ያስፈልጉታል።

ሦስተኛው ባትሪው ነው። በገበያ የሚገኘው ሁለት ዓይነት ነው። ከእርሳስና ከአሲድ የተሠራው ዋጋው የቀለለ ነው፤ ነገር ግን 36 ቮልት ለመሙላት ሦስቱ ባንድነት ይታሰራሉና ክብደቱ ወደ 12 ኪሎ ይደርሳል፤ አሟጦ ለሚጠቀምበት ሰውም ከ300 ጊዜ ሙሌት በኋላ ይደክማል። ሊትየሙ ያንኑ ያህል ኃይል በ3 ኪሎ ገደማ ይዞ፣ በደኅና አያያዝ ከ500 ጊዜ በላይ ይሞላል። እንግዲህ በመግዣው ቀን ርካሽ የሆነው በሁለት ዓመት ውስጥ ውድ ሊሆን ይችላል። ያረጀውንም የእርሳስ ባትሪ በግቢ ሰብሮ መጣል ለልጆች መርዝ ማስቀመጥ ነውና ለሚረከብ ነጋዴ መመለስ ይገባል።

ሊትየምም ቢሆን ጠባዩን ለማያውቅ ሰው አደገኛ ነው። በኒውዮርክ ከተማ በ2023 ብቻ ከእነዚህ ባትሪዎች በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ከተማዪቱም በዚያው ዓመት ደኅንነቱ በታወቀ ተቋም ያልተመረመረ ባትሪ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ በሥራ ላይ አውላለች። እኛ ደግሞ በአንዲት ክፍል ውስጥ ምድጃውም፣ አልጋውም፣ ብስክሌቱም አብረው የሚያድሩባቸው ቤቶች አሉን። ስለዚህ ከተጣለ ኮምፒዩተር የተለቀሙ ሴሎችን አጣብቆ «አዲስ ባትሪ» የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥም፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አለመግዛት ነው። መብዛቱንና ማነሱን የሚጠብቅ ሰሌዳ በውስጡ ያለው ባትሪ፣ ከራሱ ቻርጀር ጋር፣ ከደረቅ ነጋዴ ደረሰኝ ተቀብሎ መግዛት ነው። ሲሞላም ሰው ነቅቶ ሳለ ይሞላ፤ ከመውጫው በር ሥር ግን ፈጽሞ አይቀመጥ።

አራተኛው ገጣሚው ነው። ጎማ የሚለጥፍ ሁሉ ኤሌክትሪክ ያውቃል ማለት አይደለም፤ ሬዲዮ የሚጠግን ሁሉም ቸርኬ ያቃናል ማለት አይደለም። ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ቦታ ያገናኘ፣ ወይም ሁለቱ ባለሙያዎች ተባብረው የሚሠሩበት ቤት ይፈለግ። ገጣሚው ከዚህ በፊት የገጠመውን፣ ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን ብስክሌት እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከእነዚህ አራቱ አንዱ ያልተሟላለት ሰው የተሟላውን ቢገዛ እኔ አልነቅፈውም። ፋብሪካ የሠራው ብስክሌት አካሉ ለሞተሩ ክብደት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ፍሬኑም ለፍጥነቱ ተመጥኗል፤ ሽቦዎቹም ዝናብ እንዳይነካቸው በውስጥ ያልፋሉ። ለሴቶችም ትልቅ ጥቅም አለው። የጥንቱ ብስክሌት ብዙዎቹ ከኮርቻው እስከ መሪው የሚዘልቅ አግዳሚ ብረት ስላላቸው ቀሚስ ለለበሰች ሴት አይመቹም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ለሥራ የሚመላለሱባት ከተማ ናትና፣ አግዳሚው ዝቅ ያለ ብስክሌት ለእነርሱ ከማጌጥ ያለፈ ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ ዕቃ እያመላለሰ የሚያድርም ሰው ለጭነት ተብሎ የተሠራውን ቢገዛ ልክ ነው።

ነገር ግን ገዢው በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይባል ያስፈልጋል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ባትሪውን ከራሳቸው መያዣ በቀር በሌላ እንዳይገባ አድርገው ይሠሩታል፤ መቆጣጠሪያውና መስተዋቱም እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡ ናቸው። ያ ዓይነት ብስክሌት ሥራው ሲቆም ሌላው አካሉ ደኅና ሆኖ ሳለ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ጠፍታ ቆሞ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ ወኪል ቢኖረው እንኳ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የዋስትና ወረቀት የሚጠቅመው ዋስትናውን የሚፈጽም ሰው በአቅራቢያ ሲኖር ነው። ታርጋና መንጃ ፈቃድም ያስፈልገው እንደ ሆነ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የከተማውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ነው፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

እዚህ ላይ ታላላቆቻችን የሚያነሡት አንድ ተቃውሞ አለ። «ብስክሌት በእግር ነው የሚነዳው፤ ሞተር ማስገባት ወጣቱን ስንፍና ማስተማር ነው» ይላሉ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ እንደ ገረመው ደንቦባ ያሉ ብስክሌተኞች አገራቸውን በእግራቸው ጉልበት አስጠርተዋልና ቁጣቸው ይገባኛል። ይሁን እንጂ ስምንት ሰዓት ቆሞ የዋለ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚሻው ሜዳልያ አይደለም። ጤናማው ወጣት በእግሩ ይንዳ። ጉልበታቸው የደከመው አባት፣ ልጇን ከኋላ ጭና የምትሄደው እናት፣ ከሩቅ ሰፈር የሚመጣው ጥበቃ ግን ሞተር ቢያግዛቸው ስንፍና አይባልም። ደግሞም የተለወጠ ብስክሌት ፔዳሉ በቦታው ስለሚቀር፣ እግሩን ሊያፍታታ የሚፈልግ ሰው ማብሪያውን ያጠፋዋል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ገዢው ነው። ከገዢው ኪስ የሚሰፋ አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም የጠጋኞቻችን እንጀራ ነው። በየመንገዱ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር በሳፋ ውሃ እየነከሩ የጎማ ቀዳዳ የሚፈልጉ፣ የተጣመመ ቸርኬ በዐይናቸው እየለኩ የሚያቃኑ ባለሙያዎች ባይኖሩ ኖሮ ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ አትባልም ነበር። የአገራችን ሰው ፈትቶ የማይጠግነው ብስክሌት ከተማውን ሲሞላው እነዚህ ሰዎች ተመልካች ይሆናሉ። ማስለወጥ ሲለመድ ግን ያው ሙያቸው አንድ ደረጃ ያድጋል፤ የሚለውጠውም የሚጠግነውም እዚሁ ይቀመጣል፤ ከተከፈለው ገንዘብ የእጅ ዋጋው በከተማው ውስጥ ይቀራል።

መንግሥትም ይህን ሐሳብ በመኪና ላይ አስቀድሞ ተቀብሎታል። የገንዘብ ሚኒስቴር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ባወጣው ውሳኔ ተገጣጥሞ ለሚገባ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ 15 በመቶ፣ በከፊል ተፈትቶ ለሚመጣው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲመድብ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ መጥቶ በአገር ውስጥ የሚገጣጠመውን ነፃ አድርጎታል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሥራው በአገር ውስጥ እንዲሠራ የሚያደርግ ይጠቀም ማለት ነው። ለመኪና መልካም የሆነው ለብስክሌት ሞተርና ባትሪ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። እንደዚሁም የሐዋሳ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለመንገድ ዳር ጠጋኞች የማታ አጭር ትምህርት ቢከፍቱላቸው፣ ሞተር አገጣጠምን፣ የሽቦ አያያዝንና የባትሪ ምርመራን ቢያስተምሯቸው፣ ሠርቶ ላሳየም የምስክር ወረቀት ቢሰጡት፣ ወጪው ትንሽ ሆኖ ጥቅሙ ለከተማው ሁሉ ይደርሳል። ገዢውም ማንን እንደሚያምን ያውቃል። እሳትንም በዚህ መንገድ ማራቅ ከተቃጠለ በኋላ ውሃ ከመፈለግ ይቀላል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ በዚህ ወር ወይም በሚመጣው ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ገበያ የምትወጡ ብትሆኑ፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ቀለሙ ከመጠየቃችሁ በፊት ለነጋዴው አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፤ «ይህ ባትሪ ሲሞት ሌላውን ከማን አገኛለሁ? ማንስ ይገጥምልኛል?» በሉት። የሰውየውን ስምና ሰፈሩን ከነገራችሁ፣ የተለወጠም ይሁን የተሟላ ዕቃውን አስቡበት። «እርሱ ያኔ ይታያል» ካላችሁ ግን ገንዘባችሁን መልሳችሁ በኪሳችሁ ክተቱ፤ እስከዚያው እግራችሁ አለ።